«ልጁ እህል ቀምሷል?»፦ ኢቫንጌሊየን በደብረ ብርሃን

እንደገና የተሠራ ፊልም ሁለት ዓይነት ሰው ፊት ይቀርባል። አንዱ የድሮውን በልቡ ይዞ የመጣ ነው፤ ሌላው ምንም ሳያውቅ የተቀመጠ። ሁለቱ በየቤታቸው ቢያዩት እያንዳንዱ የመሰለውን ብሎ ይተኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ሲያዩት ግን አንዱ የሌላውን ዓይን መምራት ይጀምራል። ይህ የጉዳይ ጥናት የሚከታተለው እሱን ነው። ጊዜው የ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ቦታው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል፤ ፊልሙ ደግሞ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 ድረስ በአራት ፊልም እንደገና የሠሩት ኢቫንጌሊየን ነው። የተመልካቾቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ።

ፊልሙን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። የመጀመሪያው ኢቫንጌሊየን የቴሌቪዥን ተከታታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1995 እስከ ማርች 1996 በ26 ክፍሎች ታየ። ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ አኖ ነው፣ የሠራው ስቱዲዮ ጋይናክስ። ሺንጂ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ አለ፤ እናቱ የለችም፣ አባቱ ለሰው ሰጥቶት ኖሯል። አንድ ቀን አባትየው ያስጠራዋል። ናፍቆት እንዳይመስላችሁ፤ ግዙፍ ሮቦት ውስጥ ገብቶ እንዲዋጋለት ነው። ሮቦቱም ብረት ብቻ አይደለም፤ ከጋሻው ሥር ሥጋ አለ፣ ሲቆስል ይደማል፣ አንዳንዴ ከሚነዳው ልጅ እጅ ወጥቶ እንደ አውሬ ይጮኻል። ጠላቶቹ «መላእክት» ይባላሉ። በሌሎች የሮቦት ፊልሞች ልጁ መሣሪያውን ሲያገኝ ይፈነጥዛል፤ ይሄኛው ይፈራል፣ ያለቅሳል፣ እምቢ ይላል።

የቴሌቪዥኑ መጨረሻ ብዙ ጃፓናዊ አስቆጣ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ውጊያውን ጥለው ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ገቡ፤ ዓለሙ ምን እንደሆነ ሳይነገር አለቀ። በ1997 ሌላ መጨረሻ በሲኒማ ቀረበ፤ እሱም ቁጣውን አበረደ ከማለት መልስ ሰጠበት ማለት ይሻላል፤ መሃል ላይ ከተመልካቾች የተላኩ መልእክቶች ብልጭ ብልጭ እያሉ ያልፋሉ። በ2006 አኖ ካራ የሚባል የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመና አዲሱን ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ፊልም በሴፕቴምበር 2007፣ ሁለተኛው በጁን 2009፣ ሦስተኛው በኖቬምበር 2012 ወጡ። አራተኛው በኮቪድ ምክንያትም ሲገፋ ቆይቶ በማርች 2021 ደረሰ። በ1995 የሺንጂ እኩያ የነበረ ጃፓናዊ የታሪኩን መዝጊያ ሲያይ ወደ 40 ተጠግቷል ማለት ነው። ይህን ዕድሜ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ስለ ፊልሙ የሚባለው ግማሹ ነገር ከዚህ ይመጣል።

ክፍሏና ሰዎቿ

ክፍሏ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረች። ስልክ ፊልሙን ከየሰዉ ኪስ ካስገባው ወዲህ የምትኖረው በኳስ ነው። በክረምት የእንግሊዝ ሊግ ሲያርፍ ወንበሮቹ ባዶ ይቀራሉ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት እትዬ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው) ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሏን ለሚፈልግ ይለቃሉ፣ ሻይ ካዘዘ። ሐምሌ ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፤ ጉሙ እስከ ደጃፍ ይወርዳል፣ ጋቢ የለበሰና ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ከላፕቶፕና ከፕሮጀክተር ፊት ተጠጋግቶ ይቀመጣል።

የድሮውን የሚያውቁ ሁለት ነበሩ። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪ፤ ተከታታዩን ገና ሁለተኛ ደረጃ እያለ በፍላሽ ተቀባብሎ ጨርሶታል። ሁለተኛው ሞባይል ጠጋኝ፤ ፊልሞቹን ያመጣልን እሱ ነው። አራተኛው ፊልም በኦገስት 2021 ከጃፓን ውጭ በአማዞን ፕራይም ስለወጣ ጥሩ ቅጂ ከእጁ አይጠፋም። የቀሩት ጭራሽ አያውቁትም፤ የመንዝ ልጅ የሆነ ግንበኛ፣ ባጃጅ ነጂ፣ የአብነት ትምህርት የጨረሰ ዲያቆን፣ ከአጣዬ ተፈናቅሎ የመጣ ወጣት፣ የእትዬ ልጅ፣ ሌሎችም ወጣ ገባ የሚሉ። እኔ ማስታወሻ ይዤ ከኋላ ነበርኩ።

ፊልሙ በጃፓንኛ ይናገራል፣ ከታች እንግሊዝኛ ይጻፋል። ስለዚህ ተማሪው ከሸራው አጠገብ ቆሞ በአማርኛ ይተረጉማል። በቪዲዮ ቤት ትርጉም ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ተርጓሚ የተባለውን ብቻ አይልም፣ ከራሱ ይጨምራል፣ ይቀልዳል፣ ከፊልሙ ቀድሞ ይተነፍሳል። የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ተርጓሚያችን የድሮውን ተከታታይ የሚያስታውስ ሰው መሆኑ ላይ።

የመጀመሪያው ፊልም

ሸራው ገና እንደተከፈተ የተማሪውና የሞባይል ጠጋኙ ዓይን ተገናኘ። ባሕሩ ቀይ ነው። በድሮው ሰማያዊ ነበር፤ ቀዩ ባሕር የሚመጣው በ1997ቱ ፊልም፣ ዓለም ከጠፋ በኋላ ነው። ታዲያ ይሄ እንደገና የተሠራ ነው ወይስ ያለፈው ቀጣይ? በየአገሩ ያሉ የኢቫንጌሊየን ወዳጆች ለዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። ተማሪው ትርጉሙን አቁሞ ማስረዳት ጀመረ። ባጃጅ ነጂው ከጀርባ «ቀይ ባሕር ከሆነ ምጽዋ ነዋ፣ ቀጥልልን!» አለው። ሳቅ ሆነ። ለአንዱ ወገን ትልቅ ምስጢር የሆነ ቀለም ለሌላው ቀለም ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ቅሬታ መጣ። በቪዲዮ ቤት ሕግ ዋናው ሰውዬ «አክተሩ» ይባላል፣ አክተር ደግሞ አይፈራም፣ አይሞትም። ሺንጂ ጉልበቱን አቅፎ «መሸሽ የለብኝም» እያለ ለራሱ ሲያጉተመትም የመንዙ ልጅ ትዕግሥቱ አለቀ። «ይሄ ነው አክተሩ? አክተር እንዲህ ካለቀሰ እኛ ምን ልንሆን ነው?» ተማሪው «ቆይ፣ ሆነ ተብሎ ነው» አለ። ትክክል ነው፤ ግን የተባለው ልጅ የፈራበት ምክንያት በፊልሙ ራሱ ሊገለጥ ሲገባው በተርጓሚው አፍ ተገለጠ። ከዚያ በኋላ ሺንጂ ባለቀሰ ቁጥር ሰዉ ወደ ሸራው ሳይሆን ወደ ተማሪው ማየት ጀመረ፤ ይቅርታ እንዲጠይቅለት ይመስል።

ሳቁን መልሶ ያመጣው መብራት ነው። ሮቦቶቹ በጀርባቸው በገመድ የተሰኩ ናቸው፤ ገመዱ ከተነቀለ በውስጥ ባትሪያቸው የሚቆዩት ለደቂቃዎች ብቻ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ሰማያዊ ዕንቁ የሚመስለውን ጠላት ከሩቅ ለመምታት የመላዋ ጃፓን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ መሣሪያ ይሰበሰባል፤ ከተማው ሁሉ በየተራ ጭልም ይላል። በፈረቃ የኖረ ሰው ይህን ትዕይንት በራሱ መንገድ ነው የሚያየው። «አሁን ገባኝ የእኛ መብራት የት እንደሚሄድ!» አለ አንዱ፤ ክፍሏ በሳቅ ተናወጠች። ቀልዱ ሲበርድ ግን ጸጥታው የእውነት ሆነ። አገሩ ሁሉ ጨልሞለት አንድ ልጅ ቃታ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ማንም ማብራሪያ አልፈለገም፤ ተርጓሚውም ዝም ብሎ ነበር። በዚያን ዕለት ሸራው ለብቻው የተናገረው ያኔ ብቻ ነው።

የመላእክቱ ነገር ለብቻው ይታይ። በድሮው ተከታታይ እያንዳንዱ ጠላት ስም ነበረው፤ ሳኪኤል፣ ሻምሼል፣ ራሚኤል እያለ ይሄዳል። አዲሱ ስሙን ጥሎ በቁጥር ብቻ ይጠራቸዋል፤ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው መልአክ። ተማሪያችን ከለመደው ነገር መውጣት አቅቶት የድሮውን ስም እየመለሰ ተረጎመ። ዕንቁ የሚመስለው ሲመጣ «ራሚኤል ይባላል» ሲል ዲያቆኑ ከጋቢው ውስጥ ቀና አለ። «ራሙኤልማ ሄኖክ ላይ አለ። ከሰምያዛ ጋር ከወረዱት አለቆች አንዱ ነው።» መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ይህችን ከተማ የቆረቆረው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ ሄኖክን አንቀበልም ያሉትን በጽሑፍ የሞገተ ንጉሥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከሩቅ የመጣ አልነበረም። ጃፓኖቹ ይህን ከየት አገኙት? ምን ሊሉበት ነው?

የተከታታዩ ረዳት ዳይሬክተር ካዙያ ፁሩማኪ ለተመሳሳይ ጥያቄ የሰጠው መልስ አለ። የግዙፍ ሮቦት ፊልም በጃፓን ብዙ ስለሆነ የእነሱ ለየት እንዲል ፈልገው ነው፤ ክርስትና እዚያ ብዙም የተለመደ ስላልሆነ እንግዳ ሆኖ ይታያል፣ ከዚያ ያለፈ ሃይማኖታዊ ትርጉም የለውም። ይህ ሲነገረው ዲያቆኑ አልተቆጣም። «እንግዲያው ጌጥ ነው» አለና ጋቢውን መልሶ ተከናነበ። በሦስተኛው ፊልም የለንጊኖስ ጦርና የካሲየስ ጦር የሚባሉ ሁለት ጦሮች ሲመጡ ግን አላስቻለውም። «የለንጊኖስን አውቃለሁ፣ ጎኑን ወግቶ ዓይኑ የበራለት ነው። ሁለተኛው ጦር የማን ነው?» ይህን መመለስ የቻለ አልነበረም፤ የፊልሙ ወዳጆችም እስካሁን ይነታረኩበታል። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ዲያቆኑን ያነቃው አዲሱ ፊልም የጣለው ስም መሆኑ ነው። ተርጓሚው ባያስታውሰው ኖሮ በዚያ ክፍል ስለ ሄኖክ አንድ ቃል ባልተነሣ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው

ሁለተኛው ፊልም የሁሉንም ሆድ አራሰ። አዲስ ልጅ፣ ማሪ የምትባል፣ ገብታበታለች፤ ውጊያው ፈጠን ይላል፤ ሺንጂም ይስቃል። ግን የዕለቱ ዋና ነገር ተርጓሚው የተያዘበት ቅጽበት ነው። በድሮው ተከታታይ አንድ ሮቦት በጠላት ሲያዝ ውስጡ ያለው የሺንጂ ጓደኛ ቶጂ ነው። ተማሪው ያንን እያሰበ ትንሽ ቀደም ብሎ «አሁን ጓደኛው ነው የሚገባው፣ አያችሁ» ብሎ አሰማ። ሸራው ላይ የገባችው አስካ የምትባለው ሌላዋ ሮቦት ነጂ ልጅ ሆነች። ተማሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ተርጓሚው ተበላ!» ብለው አጨበጨቡለት። ለእሱ ድንጋጤ ነው፣ ለእነሱ ጨዋታ፤ ያም ሆኖ ያን ዕለት ክፍሏን አንድ ያደረገው ይኸው ነው፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል አላዋቂ ሆኑ። እንደገና መሥራት ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል፣ አኖ በዚህች ትዕይንት የመለሰ ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ ሺንጂ ሬይ የምትባለውን ልጅ ከጠላት ሆድ ፈልቅቆ ሲያወጣ፣ አለቃው ሚሳቶ ከታች ሆና ግፋ እያለች ስትጮህለት፣ ሁሉም ተነሥቶ ያፏጭ ነበር። የመንዙ ልጅ «አክተሩ ነቃ!» ብሎ ብርድ ልብሱን ወረወረ።

ሦስተኛው ያንን ደስታ ወስዶ ገደል ጨመረው። ታሪኩ 14 ዓመት ዘሎ ይጀምራል። ሺንጂ አንድ መርከብ ላይ ሲነቃ ዓለም ቀልታለች፣ ሬይን ለማዳን ያደረገው ነገር ምድሪቱን አጥፍቷል፤ ግፋ ያለችው ሚሳቶ ራሷ አንገቱ ላይ ፈንጂ ታሳስርበታለች። ማንም ምንም አይነግረውም። በሁለተኛው ፊልም ማብቂያ «በሚቀጥለው» ተብሎ የታየው ቅንጭብ እንኳ ጭራሽ የለም።

ቁጣው እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። «ጠርተው ላኩት፣ ጨብጨብ አደረጉለት፣ አሁን ደግሞ ወንጀለኛ?» ባጃጅ ነጂው ጥሎ ወጣ። የመንዙ ልጅ ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ሰው ጆሮ የሚገባ ነበር። «እዚህ መርከብ ላይ አንድ ሽማግሌ የለም እንዴ? ልጁን አስቀምጦ የሆነውን የሚነግረው ሰው ጠፋ?» ይህ የፊልም አለማወቅ አይደለም። ጃፓን ውስጥም ፊልሙ ተመልካቹን ለሁለት ከፈለው፤ ብዙዎች የተናደዱት በዚሁ ነገር ነው፣ አለመነገሩ ላይ።

ተማሪው ተከላከለ። «ዳይሬክተሩ ያኔ ታሞ ነበር» አለ። ነገሩ እንኳ ትንሽ ይለያል። አኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጽሑፍ የተሰበረው በዲሴምበር 2012፣ ሦስተኛው ፊልም ከወጣ በኋላ፣ መሆኑንና ስቱዲዮው ደጃፍ መድረስ እንኳ አቅቶት እንደነበር ገልጿል። ሕመሙ ፊልሙን ሳይሆን፣ ፊልሙ ይመስላል ሰውየውን የጣለው። የክፍሏ ሰው ግን ለዳይሬክተር ጤና ጆሮ አልነበረውም። ፊልም ሠሪን ስለ ሕመሙ ይቅር የሚል፣ ከእሱ ጋር ረጅም ዘመን የኖረ ወዳጅ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከተዋወቁት ወርም አልሞላቸውም።

ከዚህ ሁሉ ጩኸት ያልገባበት የአጣዬው ልጅ ነው። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከተማው ሲቃጠል የወጣ ነው። ሻይ ሲቀዳ ቀስ ብሎ «እኔ እንኳ አልገረመኝም» አለ። «ከሄድክበት ስትመለስ ሁሉም ያውቃል ብሎ ነው የሚያስበው። ማን ቁጭ አድርጎ ይነግርሃል?» ሌላ አልጨመረም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ስለ ሦስተኛው ፊልም ካነበብኩት ትንታኔ ሁሉ የእሱ ይበልጥብኛል።

አራተኛው

ዲያቆኑ ፍልሰታ ሳይገባ እንጨርስ ብሎ ወተወተ። በዕለቱ ተማሪው አልተገኘም፤ ለሥራ ልምምድ አዲስ አበባ ወርዷል። የእትዬ ልጅ፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰች፣ እንግሊዝኛዋ ፈጣን ነው፤ እሷ ተተካች። የድሮውን አይታ አታውቅም። የተጻፈውን ታነባለች፣ አትጨምርም፣ አትቀልድም፣ ወደፊት የሚመጣውንም አታውቅም።

ፊልሙ 155 ደቂቃ ነው። ፓሪስ ላይ በሚደረግ ውጊያ ይከፈትና ከዚያ ድንገት ይሰክናል። ሺንጂ፣ አስካና የሬይ አምሳያ የሆነችው ልጅ በእግር ተጉዘው ከጥፋቱ የተረፉ ሰዎች የሰፈሩበት መንደር ይደርሳሉ። የድሮ ጓደኞቹ አድገዋል። ቶጂ ያለ ወረቀት የመንደሩ ሐኪም ሆኗል፣ አግብቶ ወልዷል። ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሮቦት አይታይም። ሩዝ ይተከላል፣ ሕፃን ይታዘላል፣ ምግብ ይቀርባል። ሺንጂ ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሏል፤ አይናገርም፣ አይበላም።

ሞባይል ጠጋኙ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር። «ውጊያው ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ላሳልፈው?» ማንም አልመለሰለትም። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ቀስ ብለው ገብተው ተቀመጡ። ከሦስቱ ፊልሞች አንዱንም አላዩም፤ ኢቫ የሚባለው ሮቦት ምን እንደሆነ፣ መልአክ ማን እንደሆነ አያውቁም። ትንሽ አዩና ልጃቸውን ጠየቁ።

«ይሄ ልጅ እህል ቀምሷል?»

«አልበላም እማዬ።»

«ስንት ቀኑ ነው?»

«አልተናገረም።»

«እንዴ! ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?»

አስካ በግድ አፉን ከፍታ የደረቀ ራሽን ስታጎርሰው እትዬ «እሰይ! ይቺ ልጅ ናት» አሉ። ፊልሙን ሺህ ጊዜ ያየ ወዳጅ እዚያ ትዕይንት ላይ የአስካን ቁጣ፣ የድሮ ፍቅሯን፣ ምን ማለቷ እንደሆነ ይተነትናል። እትዬ ያዩት ጉርሻ ነው። ጉርሻውም በእርግጥ አለ፤ አኖ ሥሎታል። በኋላ ልጁ ለብቻው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የቀረበለትን እያለቀሰ ሲበላ፣ በመጀመሪያው ፊልም ልቅሶውን የተጸየፈው የመንዝ ልጅ ትንፍሽ አላለም።

የሩዝ ተከላው ሲመጣ ክፍሏ ጭራሽ ሌላ ሆነች። ሴቶቹ በጭቃ ውስጥ ተሰልፈው ችግኝ ይተክላሉ፣ የሬይ አምሳያ እግሯ ይያዝና በጀርባዋ ትወድቃለች፣ ያነሡዋታል። «በእጅ ነው እንዴ ሩዝ የሚተከለው?» «ፎገራ ሂድና እይ።» «ለማን ነው የሚሠሩት፣ ለባለቤቱ ነው?» «ወንፈል ነው፣ አታይም፣ ነገ የሌላዋን።» ፊልሙ እንዲህ አላለም፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ለጋራ መሥራቱን ግን ያሳያል። ክረምት ነው፣ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በዚያው ሰሞን አረም ላይ ናቸው፤ ስለ ጭቃ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልግም። ልጅቱ ሰላምታ ስትማር፣ እንደምን አደርሽ ማለት ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ አንዲት ሴት አብሮ ለመኖር የሚባል ነገር ነው ብላ ስታስረዳት፣ የአጣዬው ልጅ ፈገግ አለ። ልጅቱ ከዚያ መንደር ውጭ የተሠራች አካል ናት፣ መኖር አትችልም። ስትሞት ባጃጅ ነጂው (ተመልሶ መጥቷል) «ምን አደረገቻቸው?» ብሎ ጮኸ፤ ማንን እንደጠየቀ እንጃ።

ይህን ክፍል በየአገሩ ያሉ ብዙ ተመልካቾች ይረዝማል ብለውታል፤ ሌሎች ከአራቱ ፊልሞች ልብ ነው ብለውታል። በደብረ ብርሃኗ ክፍል ክርክሩ አልነበረም።

ክርክሩ የመጣው ቀጥሎ ነው። አባትና ልጅ በሁለት ሮቦት ሲዋጉ ቦታው ይቀያየራል፤ የፊልም መቅረጫ ስቱዲዮ ይሆናል፣ የካርቶን ቤቶች ይፈርሳሉ፣ ሥዕሉ ራሱ ወደ ንድፍ ይወርዳል። የድሮውን መጨረሻ ያየ ሰው አኖ ከዚያኛው ጋር እየተነጋገረ መሆኑ ይገባዋል። ያላየው ፕሮጀክተሩ የተበላሸ መሰለው፤ አንዱ እውነት ተነሥቶ ገመዱን ነካካ። ሞባይል ጠጋኙ በዚያው ሰዓት ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ከእሱ ጎን ያለው ቆሎ ይቆረጥማል። እንዲህ ያለ መለያየት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አይቼ አላውቅም።

ሁለቱን መልሶ ያገናኛቸው አባትየው ነው። ጌንዶ ዓለሙን ሁሉ ያመሰው የሞተች ሚስቱን መልሶ ለማየት ብቻ መሆኑን ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ለልጁ ይናገራል። ከሰው ጋር መሆን ይከብደው እንደነበር፣ ከእሷ በቀር ማንም እንዳልነበረው። በየአገሩ ብዙ የተጻፈበት ኑዛዜ ነው። የመንዙ ልጅ ፍርድ አጭር ነበረች። «እድር የለውም፣ ለቅሶ አልተደረሰለትም፤ ሰው እንዲህ ይሆናላ።» ሳቁ፤ ግን ዲያቆኑ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም ጻፍኩት።

የመጨረሻው ትዕይንት ባቡር ጣቢያ ነው። ሥዕሉ ቀስ እያለ በእውነተኛ የከተማ ምስል ይተካል፤ ከተማው ኡቤ ነው፣ አኖ የተወለደበት። ባጃጅ ነጂው «ካርቱኑ የት ሄደ?» አለ። ሞባይል ጠጋኙ «ወጣን» ብሎ መለሰለት፣ ተነሥቶም መብራቱን አበራ።

ሲመዘን

ጃፓን ውስጥ ይህ አራተኛ ፊልም ከ10 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል፤ የመጀመሪያው ያስገባው 2 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2022 የጃፓን አካዳሚ የዓመቱ ምርጥ አኒሜሽን ብሎ ሸልሞታል። ከዚህ ተነሥቶ ወዳጆቹ በመጨረሻ ታረቁ ማለት ይቻላል። የደብረ ብርሃኑ ሰው ግን የሚታረቀው ጠብ አልነበረውም፤ የወደደው በሌላ በር ገብቶ ነው።

ሆኖም ነገሩን ሙሉ በሙሉ ለፊልሙ መስጠት ይከብዳል። በሦስቱ ፊልሞች የሚያስታውስ ተርጓሚ ነበር፣ በአራተኛው አልነበረም። መንደሩን የወደዱት መንደሩ ስለሆነ ነው ወይስ «ትንሽ ይረዝማል» የሚላቸው ስላጡ? ጾሙ ከተፈታ በኋላ ተማሪው ተመልሶ አራተኛውን እንደገና ለማሳየት ሲነሣ አጋጣሚው ጥሩ ፈተና ሆነ። እሱ በስልኩ ብቻውን አይቶታል። መንደሩ ላይ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ «እዚህ ጋ ብዙ ነገር የለም» ብሎ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ቀድመው ያዩት አራት አምስቱ አንድ ላይ «ተው!» አሉት። ከዚያ ወዲያ ትርጉሙን የሚያርሙት እነሱ ሆኑ፤ የመንዙ ልጅ ገና ችግኙ ሳይታይ «አሁን ትወድቃለች» ብሎ ለአዲስ ሰው ያስረዳ ነበር፣ አዲሱ ሰውዬም ከሸራው ይልቅ እሱን ያይ ነበር። አስታዋሽ ሆኑና ተማሪው ያደርግ የነበረውን አደረጉ።

ተማሪው ይህን ሁሉ ስነግረው አልተቀበለኝም። «እናንተ መንደሩን የወደዳችሁት ስላልጠበቃችሁ ነው» አለኝ። «ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ጃፓኖቹ ስምንት ዓመት ከምናምን ጠብቀዋል። እኔም ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሬ ነው። ሺንጂ ለእያንዳንዳቸው ደህና ሁኑ ሲል የሚሰናበተው እኛን ነው፤ ትናንት የመጣ ሰው ምን ስንብት አለው?» ስለ ስንብቱ እውነቱን ነው፤ ያን ትዕይንት ክፍሏ ቆሎ እየቆረጠመች ነው ያሳለፈችው። ስለ መንደሩ ግን አሁንም አልስማማም። እትዬ አንድም ቀን አልጠበቁም፣ ልጁ መራቡን ግን ከሁላችንም ቀድመው አይተዋል።